ከግድግዳው ማዶ የምትስቀው ሴት

በ1984 ዓ.ም. የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። እናቴ በቆጠረችው ነው የምለው፤ አንድ ዓመት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ቢል አልጣላም። ይህን ያነሣብኝ በረኪና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰላማዊት እኛን ልትጠይቅ መጥታ ወለሉን በበረኪና አጠበችው። እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሽታው በበሩ ወጥቶ አፍንጫዬ ሲገባ ልቤ ድንግጥ አለ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው በበረኪና ሽታ ይደነግጣል ወይ ብትሉ፣ እኔ እደነግጣለሁ። የመሐል ሜዳ ከተማ ጤና ጣቢያ ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሸተው። በሩ ላይ ቆሜ ለዘበኛው የተናገርኩት ነገር ከዚያ ሽታ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይመጣል።

መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። የዚያን ነገር የሚያውቅ ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው ካፖርቱን ነው። የወታደር ካፖርት በየገበያው መሬት ላይ ተከምሮ ይሸጥ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ብብቱ ላይ የሌላ ሰው ላብ ያለበት። በርኖስ ለብሶ ያደገ የመንዝ ሰው ሁሉ በአንድ ክረምት ካፖርት ለባሽ ሆነ። እኔም አንዱን ገዛሁ፤ እጅጌው ረዝሞብኝ ሁለት ጊዜ አጥፌ ነበር የምለብሰው። ለሚስቴ ደግሞ ኮንጎ ጫማ ገዛሁላት፣ ሰማያዊውን። ዛሬ ኮንጎ የሚጫማ የለም፤ ያን ጊዜ ግን አዲስ ኮንጎ ከሩቅ ይሸት ነበር፣ ደስ የሚል የጎማ ሽታ። ከራቤል ወጣ ብሎ ካለው አገራችን እስከ መሐል ሜዳ አንድ ቀን ሙሉ በእግራችን ስንሄድ ጫማውን በእጇ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ነው የመጣችው። ከተማው አፋፍ ላይ ስንደርስ ቁጭ አለች፤ እግሯን በሣር ጠራረገችና ተጫማችው። «እንግዲህ ከተማ ገባን» አለችኝ። ከዚያ በቀር መንገዱን ሁሉ የተናገረችው ነገር ትዝ አይለኝም።

ከአገር ያስወጣን ውርጭ ነው። ገብሳችንን ሁለት ዓመት ደጋግሞ መታው፤ መሬቷም ከወንድሞቼ ጋር ስትካፈል ለኔ የደረሰችው በሬ የማታዞር ሆነች። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ድንጋይ ነው። በእኛ አገር ቤቱም አጥሩም ካብ ነው፤ ድንጋይ ገና ሳይነሣ የት እንደሚቀመጥ አየዋለሁ። መሐል ሜዳ ግንበኛ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ፤ መጣን። የተከራየነው ቤት በአንድ ረድፍ ከተሠሩ ሦስት ክፍሎች ዳር ያለችው ናት። መሐለኛው ክፍል የባለቤቲቱ የእትዬ በለጡ ነው፤ ጠላ ይሸጡበታል። በእኛና በእሳቸው መካከል ያለው ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይላል። ድንጋይ ለምዶ ላደገ ሰው ያ ግድግዳ ግድግዳ አይባልም።

እንግዲህ ስንት ነገር አስደነገጠን! ኩበት ይሸጣል። አንድ ሰው ወደ ቤቴ መጥቶ «ኩበት በብር» ሲለኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ልጣላው ነበር። ውሃ ይሸጣል፤ ቦኖው ጋ ጀሪካን ተሰልፎ ሴቶቹ በሰልፉ ይጣላሉ። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ስሙኒ ከፍለህ ብርጭቆውን ቶሎ ካልመለስክ አስተናጋጁ ራስህ ላይ ይቆማል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ቴፕ ይዘፍናል፤ አንድ ካሴት ብቻ ስለነበረው ዘፈኖቹን ሳልፈልግ በቃሌ ያዝኳቸው፤ ዛሬም ድንጋይ ሳነሣ አንዱ ከአፌ ያመልጠኛል። ሰላምታውም አስቸገረኝ። እኛ አገር መንገድ ላይ ሰው ሲገኝ ይቆማል፤ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ይጠየቃል። የመጀመሪያው ቀን ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ «እንደምን ዋልክ፣ ቤተሰቡ እንደምን ነው፣ ከብቱስ» ስል አንዱ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፣ ሌላ ሰው የማናግር መስሎት። አንዱማ «ከብት የለኝም» ብሎኝ እየተቆጣ ሄደ።

ትልቁ ድንጋጤ ግን በሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን ማታ ራት ሲቀርብ «እስቲ ጎረቤት ጥሪ» አልኳት። ወጥታ ወዲያው ተመለሰች።

«በራቸውን ዘግተው እየበሉ ነው» አለችኝ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ምን ሆነው?»

«እንጃ። የታመመ ይኖር ይሆናል።»

ሁለታችንም ምግቡን ትተን ተያየን። ስንበላ በራችንን ክፍት አድርገን፣ የሚመጣ ሰው ካለ ብለን ቀስ እያልን በላን። የመጣው ውሻ ነው። በማግስቱ እትዬ በለጡ ጓጉንቸር ቁልፍ አምጥተው ሰጡኝ። «ስትወጡ ቆልፉ፣ እዚህ እንደ አገራችሁ አይደለም» አሉኝ። እኛ አገር ሰው ከቤት ሲወጣ በሩ ላይ ዱላ ጣል ያደርጋል፤ የለንም ማለት ነው፣ ይበቃል። ያን ብረት እጄ ላይ አድርጌ እያገላበጥኩ ቆየሁ።

ሚስቴን ስንቅነሽ ነው የምላት። ይህን ስም ያወጣችላት እናቴ ናት። የአገሩን ልማድ የማያውቅ ልጅ ቢያነበው ልንገረው፦ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ በኋላ በባሏ ቤት በዚያ ነው የምትጠራው። የአባቷ ቤት ስም የአባቷ ቤት ይቀራል። እኔ ሚስቴን ያገባሁት ሽማግሌ ተልኮ፣ የእገሌ ልጅ ተብሎ ነው። መልኳን ያየሁት የሠርጉ ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን እናቴ እጇን ይዛ «ከእንግዲህ ስንቅነሽ ነሽ፣ ለልጄ ስንቁ አንቺ ነሽ» አለቻት፤ ዘመድ እልል አለ፤ አለቀ። ከዚያ በፊት ማን ትባል እንደነበር አንድ ጊዜ ሳልሰማ አልቀርም። ግን የሠርግ ግርግር ውስጥ የሰማሁት ስም ነው፤ የትም አልተቀመጠም። ቤታችን ውስጥ ያነሣው ሰው የለም። ሁለት ዓመት ከእናቴ ጋር ስንኖር ስንቅነሽ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሺ እያለች ኖረች። ጨዋ ናት ተባለ። እኔም ዝምተኛ ሴት አግብቻለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከግድግዳው ማዶ ግን አንዲት ሳቂታ ነበረች። እኔ ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ጀምበር ስትጠልቅ ነው የምገባው፤ የጎረቤቱን ሰው በቅጡ አላውቅም። አንድ ቀን ድንጋይ አውራ ጣቴን ቀጥቅጦኝ ሳልታሰብ በቀትር ቤት ገባሁ። ሚስቴ የለችም፤ ውሃ ወርዳ ይሆናል ብዬ ጣቴን ጠቅልዬ ጋደም አልኩ። እትዬ በለጡ ቤት ሴቶች ተሰብስበዋል። አንዲቱ የቦኖውን ዘበኛ አነጋገር አስመስላ ስትናገር ሌሎቹ ይንፈራፈራሉ። «አንቺ ዘኒ! አንጀቴን በጠስሽው!» ይላሉ እትዬ በለጡ። ከዚያ ዘኒ የምትባለዋ ራሷ ሳቀች። ምን ብዬ ልግለጸው? ከሆዷ የሚነሣ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሯት የሚቆራረጥ፣ እንደገና የሚጀምር ሳቅ። ጣቴ እየጠዘጠዘኝ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ቆይታ ሚስቴ ጀሪካኗን ይዛ ገባች፤ ጣቴን አይታ ደነገጠች፣ ውሃ አሞቀች።

«እትዬ በለጡ ጋ ዘኒ የምትባል አንዲት ዓይን አውጣ አለች» አልኳት። «ሳቋ ግድግዳውን ሊጥለው ነው። ባሏ ምን ዓይነት ሰው ይሆን?»

ሚስቴ ጣቴን እያጠበች ቀና አላለችም። «እንጃ» አለች። «ምናልባት ሰምቷት አያውቅ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ እትዬ በለጡ በር ላይ ስናልፍ «ዘኒ ዛሬ ምን ብላ አሳቀችን መሰለህ» ይሉኝ ነበር። እኔም ለአክብሮት «ውይ እሷ ደግሞ!» እያልኩ አልፋለሁ። ሦስተኛውን ክፍል የተከራየችው ትመስለኝ ነበር፤ ያቺን ሴት ያየኋት ከኋላዋ፣ ነጠላ እንደለበሰች ብቻ ነው።

ሚስቴ ፀነሰች። የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ይህን ማንም አያከራክርበትም። ወሯ ሲገባ ግሼ ወስጃት እናቷ ጋ ላደርሳት ተስማምተናል፤ በቅሎ እንኳ ለምኜ ለሚቀጥለው ሳምንት ቃል ተገብቶልኛል። ያን ቀን ጠዋት ግን ስወጣ በር ላይ ቆማ «እናቴ ናፈቀችኝ» አለች። ከአገር ከወጣን ይህን ብላ አታውቅም። «ቅዳሜ በቅሎዋ ትመጣለች» አልኳት። «እሺ» አለች። እኔ ሄድኩ። አንድ ትልቅ የመሠረት ድንጋይ ላይ ስንታገል ውለን ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶ አለቀና ተበተንን።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ተንጠልጥሏል። የእትዬ በለጡም በር ተዘግቷል፤ ጠላ ቤት በቀን ተዘግቶ አይቼ አላውቅም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ብቅ አለ።

«ሴቶቹ ሰው በቃሬዛ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል» አለኝ።

«ማንን?»

«ተከናንባለች፣ አላየኋትም። እያቃሰተች ነበር። እርጉዝ ነገር ትመስላለች።»

ሮጥኩ። ያ ረጅም ካፖርት እግሬ ላይ እየተጠላለፈ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ደረሰ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያ ሽታ ተቀበለኝ። ዘበኛው እኔን የሚያህል ሰው ነው፤ እሱም ካፖርት ለብሷል፤ ካፖርትና ካፖርት ተፋጠጥን።

«ቁም! ወዴት?»

«ሚስቴን ፍለጋ ነው። ነፍሰ ጡር ናት። ሴቶች አምጥተዋታል አሉኝ።»

«ስሟ?»

«ስንቅነሽ።»

ገባ። ከውስጥ የሴት ጩኸት ይሰማል፤ ምጥ ነው። ዘበኛው ተመለሰ።

«ስንቅነሽ የምትባል የለችም» አለኝ። «ዛሬ የገባችው አንዲት ወላድ ብቻ ናት። ዘነበች ነው ስሟ። ሴቶቹ ዘኒ፣ ዘኒ ይሏታል። አወቅሃት?»

ለካ ሳቂታይቱም ነፍሰ ጡር ኖራለች፣ አልኩ በሆዴ። «እሷን አላውቃትም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወንድምዓለም፣ የራሴን ሚስት አጥቼ የማንን ሚስት ላውቅልህ ነው!»

ከውስጥ ያ ድምፅ እንደገና ጮኸ። የሰው ነገር ነውና «ማርያም ትማራት» አልኩና ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እስክሪብቶው እጄ ላይ ይቆማል። ሄድኩ እኮ ነው የምላችሁ። ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ በመካከላችን አንድ ግድግዳ፣ እኔ ማርያም ትማራት ብዬ ሄድኩ።

ሐሳቤ ሁሉ የጠዋቱ ቃሏ ላይ ነበር። እናቴ ናፈቀችኝ ብላለች። ሴቶቹ ያቺን ዘኒን ይዘው ሲወጡ ግቢው ጭር ሲልላት ቆልፋ ብቻዋን በእግሯ የግሼን መንገድ ጀምራዋለች፣ አልኩ። ያን መንገድ የማያውቅ ሰው ድንጋጤዬን አያውቀውም። ሜዳው እስኪያልቅ ደህና ነው፤ ሜዳው ካለቀ ቁልቁለት ነው፣ ገደል ነው፣ ከዚያ እንደገና ዳገት። ወሯ የገባ ሴት እዚያ መሐል ምጥ ቢይዛት የሚሰማት ንሥር ነው። የጓሳውን ሣር እየዘለልኩ መንገዱን ያዝኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ላይ የእግር ዱካ ይታያል። የኮንጎ ጫማ ዱካ መስመር አለው፤ እሱን ፈለግሁ። የለም። ደስ ሊለኝ ሲል ነገሩ ታወሰኝ፦ ሚስቴ መንገድ ስትሄድ ኮንጎዋን በእጇ ነው የምትይዘው። ከዚያ በኋላ ያየሁት የባዶ እግር ዱካ ሁሉ የእሷ መሰለኝ።

ገብስ በአህያ ጭነው የሚመጡ ባልና ሚስት አገኘሁ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ «እርጉዝ ሴት አላያችሁም?» አልኳቸው።

«ብቻዋን?» አለ ሰውየው።

«ብቻዋን።»

ሚስትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በስመ አብ! ማን ለቀቃት?»

ቁልቁለቱ አፋፍ ድረስ ሄድኩ። ጉሙ ከታች እየተነሣ ነበር። «ስንቅነሽ!» ብዬ ጮህኩ። ገደሉ ስሙን ተቀብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ጮህኩ። መለሰልኝ። ብቻዬን ገደሉን ማሰስ እንደማልችል ገባኝ፤ ሰው ማሰባሰብ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ግቢው ገባሁ። ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ያን ጊዜ አገሬ የማደርገውን አደረግሁ፤ ግቢው መሐል ቆሜ ኡኡ አልኩ። እኛ አገር አንድ ሰው ኡ ካለ ሰው ማጭዱን ጥሎ ይደርሳል። እዚያ ግን በሮች ተከፈቱ፣ ዓይኖች ወጡ፣ በሮች ተመልሰው ተዘጉ። ሻይ ቤቱ ቴፑን እንኳ አልቀነሰም። ሁለተኛ ጊዜ ኡ ስል እትዬ በለጡ ባዶ ሰሐን ይዘው ከመንገድ እየሮጡ ገቡ።

«ምን ሆንክ? ማን ሞተ?»

«ሚስቴ ጠፋች! እትዬ፣ ሰው ያሰባስቡልኝ! ብቻዋን የግሼን መንገድ ይዛለች፤ ፋኖስ ይዘን ገደሉን ልንወርድ ነው!»

«ኧረ ዝም በል! ሚስትህማ ወልዳ ተኝታለች።»

«የት?»

«ጤና ጣቢያ ነዋ! እኔ አይደለሁ ይዣት የሄድኩት!»

«እዚያ ሄጄ ነበር እኮ! የለችም። እዚያ ያለችው ዘኒ ናት።»

እትዬ በለጡ ሰሐኑን መሬት አስቀመጡት። ፊቴን አይቶ እንደማያውቅ ሰው ትክ ብለው አዩኝ።

«ዘኒ ማናት?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

«ያቺ እርስዎ ጋ የምትስቀው ናታ! ዘነበች ነው አሉ ስሟ።»

«አንተ ሰው» አሉ። «ዘነበች እኮ ሚስትህ ናት።»

አልገባኝም። እውነቴን ነው፣ ጭራሽ አልገባኝም። «ሚስቴ ስንቅነሽ ናት» አልኳቸው፣ እንደ ችኮ። «እናቴ ናት ስሟን ያወጣችው።»

«እናትህ ያወጡትን እኔ ምን አውቃለሁ! ስምሽ ማነው ብላት ዘነበች ነኝ አለችኝ። ይኸው ስንት ወር ዘኒ ስላት አቤት ትለኛለች።»

አሁን ሁሉም ነገር እንደ ካብ ድንጋይ በየቦታው እየገባ ነው፤ ጀሪካኑ፣ ጣቴ፣ «ሰምቷት አያውቅ ይሆናል» ያለችኝ። ያን ሳቅ ቤቴ ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ይዤው ኖሬ አንድ ቀን አልሰማሁትም። ስሰማውም የሰው ሚስት ነው አልኩ።

«ዘበኛው መጥቶ ነግሯታል» አሉ እትዬ በለጡ። «አንድ ካፖርት ለባሽ መጥቶ ስንቅነሽን ጠየቀኝ፣ አንቺን አላውቃትም ብሎ ሄደ፣ አላት።»

«ምን አለች?»

«ምን ትላለች! ምጥ ይዟት ሳቀች። ነርሷ ተቆጣቻት፣ እኔም ተቆጣኋት፣ እምቢ፣ ሳቀች። 'እሱ ነው፣ እሱ ነው' እያለች። ኋላ ደግሞ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ከዚያ ልጅቷ መጣች።»

«ልጅቷ?»

«ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ደግሞ አሁን እንዳትሄድ፣ ሰዓቱ አልፏል፣ አያስገቡህም። ነገ በጠዋት። እንኳን ማርያም ማረችልህ፣ አንተ ጉደኛ።»

ግቢው መሐል ቁጭ አልኩ፣ ካፖርቴ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ። ከሞት የተረፈችልኝ ሚስቴ ናት ወይስ ገና የማላውቃት አንዲት ሴት፣ መለየት አቃተኝ።

ስንት ዓመት ቆይቼ አንድ ቀን የበግ ጠጉር ስትፈትል ጠየቅኋት። ለምን ለእነሱ ዘነበች አልሻቸው፣ ለምንስ ለእኔ አልነገርሽኝም? እንዝርቷን አላቆመችም። «ካንተ ጋ ከመጣሁ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉ ስምሽ ይህ ነው ብሎ ነግሮኝ ነው ያለፈው» አለች። «እትዬ በለጡ ማነው ስምሽ ሲሉኝ የራሴው ቀድሞኝ ወጣ። ከወጣ በኋላ ደስ አለኝ። ላንተ ልነግርህ ነበር፤ ዓይን አውጣ ስትለኝ ተውኩት።» ይህን ብላ ሳቀች። አሁን ይህን ስጽፍም ከወዲያኛው ክፍል ከልጇ ጋር እየሳቀች ነው፤ ግድግዳው ዛሬ ብሎኬት ነው፣ ያው ይሰማል። እናቴ በነፍስ እስካለች ድረስ ስንቅነሽ እያለች ጠርታታለች፣ እሷም አቤት ብላታለች፤ ሁለቱ ተዋደው ነው የኖሩት፣ ነገር አላሳድርም። ልጃችንን ግን ሰላማዊት ብላ የሰየመቻት ራሷ ናት። ሰላማዊት ስትዳር የአማቶቿን ሽማግሌዎች ደጄ ላይ አቁሜ «ጥሎሽ አልፈልግም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ የልጄን ስም እንዳትነኩ» አልኳቸው። ጉድ አሉ። ይበሉ። ቃል ሳይገቡልኝ ከደጄ አልሄዱም።

ሰላማዊት በተወለደችበት በዚያ ሌሊት ዘነበች የሚለውን ስም እያላመድኩ ነጋ። በልቤ ይመጣል፣ አፌ ላይ ሲደርስ ስንቅነሽ ይሆናል። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እትዬ በለጡ ያፈሉትን አጥሚት በጆግ ይዤ፣ ካፖርቴን አራግፌ ሄድኩ። ያው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከሩቅ ሲያየኝ ከንፈሩን ነከሰ።

«ዛሬስ ማንን ፈልገህ ነው?»

«ዘነበችን» አልኩት።

«ታውቃታለህ?»

«አሁን ልተዋወቃት ነው።»

ሳቁ አመለጠው። «የወላዶች ክፍል ገና አልተከፈተም። በዚያ በኩል በመስኮቱ ጥራት» አለኝ።

በሕንፃው ዙሪያ ዞርኩ። መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው፤ ትንሽ ገርበብ ብሏል፤ በረኪናው በዚያ ይወጣል። ጆጉን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ከሁለት ዓመት በላይ አብራኝ የተኛችን ሴት ለመጥራት እንደ ጎረምሳ አፈርኩ።

«ዘነበች!» አልኩ።

አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ያን ስም በዚያ ድምፅ ሰምታው አታውቅም።

«ማነው?» አለች።

«ደምሴ ነኝ» አልኳት።